ቀስተ ደመና ስለ ምን ይጎብጣል?

ቀስተ ደመና በአማርኛ ሁለት ስም አለው። አንደኛው ከግዕዝ የተወረሰውና የደመና ቀስት ማለት የሆነው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሕዝብ ዘንድ የተለመደው የማርያም መቀነት የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ከጥፋት ውሃ በኋላ ለኖኅ የተሰጠውን የኪዳን ምልክት ያስታውሳል። ሁለቱም ስሞች የወጡት ከቀለሙ ሳይሆን ከቅርጹ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ዓይንን የሚማርከው ቀለሙ ቢሆንም አእምሮን አጥብቆ የሚጠይቀው ጉብጠቱ ነውና። ደመና የተበጣጠሰ ነው፤ ዝናብም ቅርጽ የለውም፤ ታዲያ ቅርጽ በሌለው ነገር ላይ በኮምፓስ የተሠመረ የሚመስል ቅስት ከየት ይመጣል?

ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ እስኪገኝ ድረስ ከሁለት ሺህ ዓመት የማያንስ ጊዜ አልፏል። የመዘግየቱም ዋነኛ ምክንያት ሊቃውንቱ መልሱን ከደመናው ዘንድ መፈለጋቸው ነበር። መልሱ ግን ከአንዲት የውሃ ጠብታና ከተመልካቹ ዓይን ዘንድ ነበር። ከደመናው ወደ ጠብታው የተደረገው ጉዞ እንዴት እንደ ተፈጸመና ምስጋናው ለማን እንደ ተሰጠ መመርመር፣ የቀስተ ደመናን ምንነት ከመረዳት ያላነሰ ጥቅም አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በጂኦሜትሪ ለመግለጽ አስቀድሞ የሞከረው በአገራችን መጻሕፍት አርስጣጣሊስ እየተባለ የሚጠራው የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ሜቴዎሮሎጂካ በተባለው መጽሐፉ ፀሐይ፣ ተመልካቹና ቀስቱ በአንድ መሥመር ላይ እንደሚሰለፉ፣ ተመልካቹም በመካከል እንደሚሆን አስረድቷል። ፀሐይና ደመናውን በአንድ ትልቅ ጉልላት ላይ እንደ ተቀመጡ አድርጎ ሥሎ፣ ተመልካቹን ከጉልላቱ መካከል አቆመው፤ ብርሃኑ የሚመለስበት ማዕዘን የተወሰነ ስለ ሆነም ቀስቱ የክብ ክፋይ ከመሆን በቀር ሌላ ቅርጽ ሊኖረው እንደማይችል አሳየ። ማዕዘኑ ስንት እንደ ሆነ ግን አልለካም። ደመናውንም የቆጠረው እንደ መስተዋት ነው፤ ከደመናው የሚፈጠሩት ጠብታዎች መልክን ለማሳየት እጅግ ያነሱ፣ ቀለምን ብቻ ለማሳየት የሚበቁ ጥቃቅን መስተዋቶች ናቸው ብሎ አምኗል።

ስሕተቱ ያለው በዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ አሪስቶትል ጥሩ ተመልካች እንደ ነበረ ሊካድ አይገባም። በጨረቃ ብርሃን የሚታየውን ቀስት ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳጋጠመ ጽፏል። በበጋ ወራት በእኩለ ቀን ቀስተ ደመና እንደማይታይ፣ ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት ግን በማናቸውም ሰዓት ሊታይ እንደሚችልም አስተውሏል። ይህ አስተያየት ዛሬም ትክክል ነው። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ42 ዲግሪ ከፍ ካለች ቀስቱ ከአድማስ በታች ስለሚወድቅ በሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሊያየው አይችልም። በአዲስ አበባ በሐምሌ ወር ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት ብዙም ስለማትርቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ በሜዳ ላይ ቀስተ ደመና መጠበቅ ከንቱ ነው። የክረምቱ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ሲያባራ፣ ፀሐይም ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ቀስቱ በምሥራቅ በኩል የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ጢስ ዓባይ ባለ ፏፏቴ ላይ ግን ተመልካቹ ርጭቱን ከበላይ ሆኖ ወደ ታች ሊያይ ስለሚችል፣ ውሃው በበረታ ጊዜ ፀሐይ ከፍ ብላም ቢሆን ቀስቱ ሊታየው ይችላል።

ከአሪስቶትል በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የእሱን ቃል ማብራራት ወይም ማጣመም ነበር። በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ የኖረው የአፍሮዲስያሱ አሌክሳንደር በሁለቱ ቀስቶች መካከል ያለው ሰማይ ከሌላው ይልቅ የጠቆረ መሆኑን አስተውሎ ለምን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ መልስ ግን አልተገኘለትም። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢብን ሲና ቀስቱ የሚፈጠረው በጥቁሩ ደመና ውስጥ ሳይሆን ከደመናው ፊት ባለው ስስ የእርጥበት ጉም ላይ ነው፤ ጥቁሩ ደመና ከመስተዋት ጀርባ እንደሚቀባው ቅብ ከኋላ ሆኖ የሚያገለግል ብቻ ነው አለ። ስለ ቀለሞቹ ከቀደሙት ሊቃውንት የተማረው እንዳላረካውም ሳይሸሽግ ተናግሯል፤ ይህም ሊመሰገንበት የሚገባ ነው። በዚያው ዘመን በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል ሃይሰም፣ በአውሮፓ አልሃዘን የተባለው፣ ስለ ቀስተ ደመና የጻፈው ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ቀስቱን ከጎድጓዳ መስተዋት እንደሚመለስ ብርሃን አድርጎ ነበርና። ነገር ግን በሌላ ጽሑፉ ብርሃን በድቡልቡል መስተዋት ውስጥ ሲያልፍ መግቢያውና መውጫው ላይ እንዴት እንደሚሰበር በጥንቃቄ መርምሯል። የኋለኛው ዘመን ቁልፍ የተገኘው ከዚህ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሮበርት ግሮስቴስት በ13ኛው መቶ ዓመት ቀስቱን የሚፈጥረው የብርሃን ስብረት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሮጀር ቤከንም በ1260ዎቹ መጨረሻ ባዘጋጀው ታላቅ ሥራው የቀስቱን ከፍተኛ ቁመት 42 ዲግሪ ብሎ ለካ። ከዚያ ዘመን መሣሪያ አንጻር ሲታይ ይህ ልኬት የሚያስደንቅ ነው።

በ14ኛው መቶ ዓመት መባቻ የሆነው ነገር በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ተወዳዳሪ የሚገኝለት አይመስልም። በፋርስ አገር ከማል አል ዲን አል ፋሪሲ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ከመምህሩ ከቁጥብ አል ዲን አል ሺራዚ ዘንድ ስለ ብርሃን ሊማር ገባ። መምህሩም ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ያህል የቆየውን የኢብን አል ሃይሰምን መጽሐፍ እንዲመረምር መከረው። ከማል አል ዲን መጽሐፉን እያረመና እያስፋፋ ሲሠራ ከቀስተ ደመናው ጥያቄ ላይ ደረሰ፤ በዚህም ጊዜ ደመናውን ትቶ አንዲት ጠብታን ሊጠይቅ ወሰነ። ጠብታ እጅግ ትንሽ በመሆኗ በውስጧ የሚሆነውን ማየት ስለማይቻል፣ ክብ የመስተዋት ዕቃ ውሃ ሞልቶ እንደ አንድ ትልቅ ጠብታ ቆጠረው። ይህንንም በጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በቀዳዳ የፀሐይ ብርሃን አስገባበት። ብርሃኑ ወደ ውሃው ሲገባ እንደሚሰበር፣ ከኋለኛው ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ተንጸባርቆ እንደሚመለስ፣ ሲወጣም እንደገና እንደሚሰበር አየ። በውስጥ ሁለት ጊዜ ከተንጸባረቀ ደግሞ ሁለተኛው፣ ቀለሙ የተገለበጠው የውጭ ቀስት እንደሚገኝ ተረዳ።

በዚያው ዘመን በጀርመን አገር የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ የሆነው የፍራይበርጉ ቴዎዶሪክ ያንኑ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1304 ዓ.ም. በቱሉዝ በተደረገ የማኅበሩ ጉባኤ ላይ የማኅበሩ አለቃ ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲያኖር ጠይቆት ነበርና ጥቂት ዓመት ቆይቶ ስለ ቀስተ ደመና ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ። እሱም ውሃ የተሞላ ክብ መስተዋት ተጠቀመ፤ እሱም ሁለት ስብረትና አንድ ነጸብራቅ ለውስጠኛው ቀስት፣ ሁለት ስብረትና ሁለት ነጸብራቅ ለውጭኛው ቀስት ብሎ ወሰነ። ከዚህም በላይ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ፤ ተመልካቹ ቀዩንና ሰማያዊውን የሚቀበለው ከአንድ ጠብታ ሳይሆን ከተለያዩ፣ ከፍና ዝቅ ብለው ከሚገኙ ጠብታዎች ነው አለ። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄው በኋላ የቀስቱን ቁመት 22 ዲግሪ ብሎ ጻፈ። ቤከን ከእሱ በፊት ትክክለኛውን ልኬት ጽፎት ሳለ ይህን ያህል መሳሳቱ እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ አንዱም ስለ ሌላው ሰምቶ አያውቅም። የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር ሁለቱም ከኢብን አል ሃይሰም በወረደ ትምህርት ማደጋቸው ነው፤ አንዱ መጽሐፉን በዐረብኛ አንብቦታል፤ በሌላው አገር ደግሞ የላቲኑ ትርጉም ከመቶ ዓመት ያህል በፊት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የሁለቱም ሥራ ዕጣው አንድ ሆነ። የእጅ ጽሑፎቹ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀመጡ፤ የሚጠቀምባቸው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ምክንያት የሆነው በ1629 ዓ.ም. በሮም አጠገብ በሰማይ ላይ ከፀሐይ ጎን የታዩት ሐሰተኛ ፀሐዮች ወሬ ኔዘርላንድ ድረስ መድረሱ ነው። ዴካርት ስለ እነዚህ ሲያስብ ወደ ሰማይ ክስተቶች ሁሉ ተሳበ፤ በ1637 ዓ.ም. ካወጣው ዝነኛ መጽሐፉ ጋርም ሜቴዎር የተባለውን ጽሑፍ አሳተመ። እሱም እንደ ቀደሙት ሆዱ ክብ የሆነ ብልቃጥ ውሃ ሞልቶ ተጠቀመ። አንባቢ የጠጅ ብርሌን ቢያስብ ከዕቃው መልክ ብዙ አይርቅም። ብልቃጡን ከፀሐይ አንጻር ከፍና ዝቅ እያደረገ ሲመለከት፣ ማዕዘኑ 42 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ብሩህ ቀይ ታየው፤ ማዕዘኑ ጥቂት ሲበልጥ ቀዩ ጠፋ፤ ጥቂት ሲያንስ ደግሞ ቀዩ ሄዶ ሌሎቹ ቀለሞች ተተኩ።

ዴካርትን ከቀደሙት የሚለየው ግን ብልቃጡ አይደለም፤ ቀጥሎ ያደረገው ስሌት ነው። ፀሐይ ጠብታዋን በሙሉ ታበራለች፤ ብርሃኑም ከጠብታዋ በብዙ አቅጣጫ ይወጣል፤ ታዲያ 42 ዲግሪ ብቻ ለምን ተመረጠ? ይህን ጥያቄ ከእሱ በፊት በአግባቡ ያነሣው አልነበረም። ዴካርት የጠብታዋን ግማሽ ወርድ በ10,000 ክፍል ከፍሎ፣ ከመካከል ጀምሮ በየ1,000 ርቀት የሚገባ አንዳንድ ጨረር ወሰደና የእያንዳንዱን መንገድ በስብረት ሕግ እየቈጠረ ተከታተለ። በመካከል የሚገባው ጨረር በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከመካከል እየራቀ ሲሄድ የመመለሻው ማዕዘን እያደገ ይመጣል፤ በ8,000 ላይ 40 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ፣ በ9,000 ላይ 40 ዲግሪ ከ57 ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ማዕዘኑ ተመልሶ ይወርዳል፤ በጠርዙ ላይ 13 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ8,000 እስከ 9,800 ያለውን በየመቶው እያነሣ እንደገና ቢቆጥር ከፍተኛው ማዕዘን 41 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። የፀሐይን ስፋት ግማሽ፣ 17 ደቂቃ ሲጨምርበት ደግሞ የውስጠኛው ቀስት ወሰን 41 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ሆነ፤ የውጭኛው ቀስት ዝቅተኛ ወሰንም 51 ዲግሪ ከ37 ደቂቃ ሆነ። ካልኩለስ ባልታወቀበት ዘመን በብዕርና በትዕግሥት የተሠራ ስሌት ነው።

የስሌቱ ትርጉም እንዲህ ነው። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ከጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱን አጥቶ ለጥቂት ጊዜ እንደሚዘገይ ሁሉ፣ የመመለሻው ማዕዘንም ከፍተኛው መጠን ላይ ሲደርስ ይዘገያል፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ወደ ጠብታዋ የገቡት ጨረሮች ሁሉ ተሰብስበው በአንድነት ይወጣሉ። በሌሎቹ ማዕዘኖች የሚወጣው ብርሃን የተበታተነ ሲሆን በዚህ ማዕዘን ግን ይጠነክራል። ቀስቱ የጠነከረው ብርሃን ነው። ከ42 ዲግሪ በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ የተንጸባረቀ ጨረር ወደ ዓይን አይደርስም፤ ሁለት ጊዜ የተንጸባረቀውም ከ51 ዲግሪ በታች አይወርድም። አሌክሳንደር ከ1,400 ዓመት በፊት የጠየቀለት የጠቆረ መቀነት ምክንያቱ በዚህ ተገለጠ።

የጉብጠቱም ምስጢር ከዚሁ ይፈታል። አንድ ሰው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ቢቆም የራሱ ጥላ ከፀሐይ በዓይኑ በኩል አልፎ የሚሄደውን መሥመር አቅጣጫ ያሳየዋል። አንድ ክንዱን ወደ ጥላው ራስ ዘርግቶ፣ ሌላውን ከዚያ በ42 ዲግሪ ከፍቶ፣ ማዕዘኑን ሳይለውጥ ዙሪያውን ቢያዞረው ጣቱ በአየር ላይ ክብ ይሥላል። በዚያ ክብ አቅጣጫ የሚገኝ ጠብታ ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ የጠነከረውን ብርሃን ወደዚያ ሰው ዓይን ይልካል፤ ከክቡ ወጣ ያለው ጠብታ ደግሞ ብርሃኑን የሚልከው ወደ ሌላ ሰው ዓይን ነው። እንግዲህ ቅስቱ በደመናው ላይ የተሣለ ሳይሆን ጫፉ ከተመልካቹ ዓይን ላይ ያረፈ ሾጣጣ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች በትክክል ሲነገር አንድ ቀስተ ደመና አያዩም፤ ወደ እግሩ ለመድረስ የሚሮጥ ሕፃንም የማይደርስበት ሾጣጣው አብሮት ስለሚሄድ ነው። ከክቡ የሚቀረውን ክፍል የሚሸፍነው ምድር ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለ ሰው ከበታቹ ዝናብ ካለ ቀስቱን ሙሉ ክብ ሆኖ ሊያየው ይችላል። ከሁለቱ የአማርኛ ስሞች የሕዝቡ ስም ወደ እውነቱ ይበልጥ የቀረበው በዚህ በኩል ነው፤ ቀስት ግማሽ ነው፤ መቀነት ግን ወገብን ይዞራልና።

ዴካርት ቀለሞቹን በሚመለከት አልተሳካለትም። ይህን የፈጸመው አይዛክ ኒውተን ነው። በ1666 ዓ.ም. በፕሪዝም በጀመረው ምርመራ ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ መሆኑን፣ እያንዳንዱም ቀለም በተለያየ መጠን እንደሚሰበር አሳየ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማዕዘን፣ የራሱም ክብ አለው። በ1704 ዓ.ም. ባሳተመው ኦፕቲክስ በተባለው መጽሐፉ ለውስጠኛው ቀስት ቀይ 42 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ፣ ለሐምራዊው 40 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ሰጠ። ቀለሞቹን ሰባት ያላቸው ግን ከልኬት የተነሣ ሳይሆን ከሙዚቃ ድምፆች ቁጥር ጋር ለማስማማት ነው፤ በመጀመሪያ የቆጠረው አምስት ነበር። ከእሱ በኋላ ቶማስ ያንግ በ1804 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ከዋናው ቀስት ሥር የሚታዩትን ቀጫጭን ተጨማሪ ቀስቶች በብርሃን ሞገድነት አስረዳ፤ ጆርጅ ኤሪም በ1838 ዓ.ም. የተሟላውን የሞገድ ስሌት አቀረበ።

ኒውተን በዚያው መጽሐፉ ምስጋናን ሲያከፋፍል ቀስቱ በጠብታዎች ውስጥ እንደሚፈጠር ያስረዳውን ሰው ማርክ አንቶኒዮ ደ ዶሚኒስ ብሎ ጠራ፤ ዴካርትን የእሱን ትምህርት ያሻሻለ አድርጎ አቀረበው። ደ ዶሚኒስ የስፕሊት ሊቀ ጳጳስ የነበረ ሲሆን በ1611 ዓ.ም. በቬኒስ ስለ ብርሃን መጽሐፍ አሳትሟል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተጣልቶ በ1624 ዓ.ም. በሮም በእስር ላይ ሳለ ሞተ፤ ከሞተ በኋላም ተፈርዶበት አስከሬኑና መጻሕፍቱ በአደባባይ ተቃጠሉ። ዕጣው የሚያሳዝን ነው። ይሁን እንጂ ስለ ቀስተ ደመና የጻፈው ከቴዎዶሪክም ከከማል አል ዲንም ያነሰ ነው፤ የውጭኛውን ቀስት የሚያስገኘውን ሁለተኛ ነጸብራቅ አላወቀውምና። የኒውተን ቃል ክብደት ስላለው ግን በአውሮፓ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ ጸሐፊዎች ይህንኑ ተቀብለው ደገሙት። ዴካርትም ቢሆን ከእሱ በፊት የነበሩትን ሲጠቅስ በልኬት የተሳሳተውን ማውሮሊኮን ለመተቸት ያህል ነው እንጂ ስለ ሌሎቹ ያለው የለም።

የቴዎዶሪክ ሥራ ከተረሳበት የወጣው በ1814 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ የእጅ ጽሑፉን አግኝቶ ስለ እሱ ባሳተመ ጊዜ ነው። የከማል አል ዲን ተራ ከዚያም ዘገየ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኤልሃርድ ቪደማን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ከዐረብኛው እየመረመረ ለአውሮፓ አንባብያን አስተዋወቀው፤ መጽሐፉም በሙሉ ከ1928 እስከ 1930 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ ታተመ። ይህም ጸሐፊው ብርሃንን በቀዳዳ ወደ ጨለማው ክፍል ካስገባ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።